ቡና የሌለበት የቡና ኬክ፣ ለገና ጠዋት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። በየበዓሉ ጠዋት የምትጋግረውን ኮፊ ኬክ አዘገጃጀት ጽፋ ላከችልኝና እዚህ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ሞከርኩት። ሁለቱንም ጊዜ ኦቨን ውስጥ ጉብ ብሎ ይነሳል፤ ሊወጣ ሲቃረብ መሐሉ ይሰምጣል። ላዩ ላይ የሚበተነው የቀረፋ ፍርፋሪም አብሮ ይገባል። ጠርዙ ደረቅ፣ መሐሉ ሊጥ ነው። እህቴ ኦቨኑን ከፍተኸው ነው ትለኛለች፤ አልከፈትኩም። ደግሞስ የቡና ኬክ ተብሎ ቡና የለውም፤ የረሳችው ነገር ይኖር ይሆን? ለገና ጠዋት እናቴን ላስደንቃት ነበር ሐሳቤ። ጾመኛ ስለሆነች አስቀድማ ቀምሳ ልታርመኝ አትችልም። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እህትህ የረሳችው ነገር የለም፤ አንተም አላጠፋህም። ኬክህን ያሰመጠው አዲስ አበባ ነው።

ወደ ሊጡ ከመግባታችን በፊት ስሙን እንጨርሰው። አሜሪካኖች ኮፊ ኬክ የሚሉት ቡና የገባበትን ኬክ ሳይሆን ከቡና ጋር የሚበላውን ነው። እኛ ለዚህ ነገር ቃል አላጣንም፤ የቡና ቁርስ እንላለን። ቆሎው፣ ፈንዲሻው፣ ዳቦው የቡና ቁርስ ሲባል ቡና ገብቶበት ነው ብሎ የሚያስብ የለም። ኮፊ ኬክም እንደዚያው ነው። ልማዱን ወደ አሜሪካ የወሰዱት በ19ኛው መቶ ዘመን የተሰደዱት ጀርመኖችና ሌሎች የመካከለኛው አውሮፓ ሰዎች ናቸው፤ ላዩ ላይ የሚበተነው የዱቄት፣ የቅቤና የስኳር ፍርፋሪ እስከ ዛሬ የሚጠራው በጀርመንኛ ስሙ ነው። የድሮው በእርሾ የሚነሳ ስለነበር ሰዓታት ይፈጅ ነበር። ዛሬ «ቀላል» የሚባለው ቤኪንግ ፓውደር የእርሾን ቦታ ስለያዘለት ነው። እንግሊዞች ግን ኮፊ ኬክ ሲሉ እውነትም ቡና የገባበትን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዎልነት ያለበትን ኬክ ማለታቸው ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ሁለቱ ስለሚደባለቁብህ ነው የተጠራጠርከው። ቡና ልጨምርበት ካልክ ምርጫው ያንተ ነው፤ እኔ ግን አልጨምርም። ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ቡና ተቆልቶ፣ ጀበና በተጣደበት ቤት ኬክ ውስጥ የኔስካፌ ዱቄት መነስነስ እናትህን ቅር ያሰኛታል።

አሁን ወደ መስመጡ። አብዛኛው የሜሪላንድ ሰው የሚኖርበት አካባቢ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሽሮ ሜዳ ወይም እንጦጦ ግርጌ ከሆንክ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩ ሊጡ ውስጥ የፈጠራት የጋዝ አረፋ የሚጫናት አየር ስለቀነሰላት ከልክ በላይ ትነፋለች። ዱቄቱና እንቁላሉ ረግተው ሳይዟት በፊት ትፈነዳለች። ግድግዳው ሳይደርቅ ቆርቆሮ እንደተጫነበት የጭቃ ቤት ማለት ነው፤ መጀመሪያ ያምራል፣ ከዚያ ይወርዳል። ፍርፋሪው ደግሞ ቆርቆሮው መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃው ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ንፍሮ አዲስ አበባ ላይ ከቆላ ይልቅ የሚዘገየው በዚህ የተነሳ ነው። ኬክ ሲጋገር ከሊጡ ውስጥ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ ስኳሩ ግን አይተንም። ውሃው በሄደ ቁጥር የስኳሩ ድርሻ ይበዛል፤ ስኳር ሲበዛ ደግሞ ሊጡ የሚረጋበትን ጊዜ ያዘገየዋል። ጠርዙ እየደረቀ መሐሉ ሊጥ ሆኖ የቀረብህ ከዚህ የተነሳ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። አዲስ አበባ ኬክ ቤት ውስጥ ዓመታት ከሠራሁ በኋላ ድሬዳዋ አንድ ሆቴል ተቀጠርኩ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ደብተሬን ይዤ ሄድኩና ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራውን ኬክ ጋገርኩ። እንደ ሳሙና የተጠቀጠቀ ነገር ወጣ። ዱቄቱን ለወጥኩ፣ እንቁላሉን ወቀስኩ፣ ኦቨኑን አስፈተሽኩ። ሦስት ቀን እንደዚያ ተሟግቼ በመጨረሻ የቤቱ አሮጌ ዳቦ ጋጋሪ ደብተሬን አየና የደጋ ደብተር ነው የያዝሽው ብሎ ሳቀብኝ። ያንተ ችግር የኔው ግልባጭ ነው፤ አንተ የቆላ ደብተር ይዘህ ደጋ ላይ ነህ።

እግረ መንገዴን፣ በእንግሊዝኛ «ለከፍታ ቦታ የተስተካከለ» የሚል አዘገጃጀት ብታገኝም ዝም ብለህ አትመነው። ብዙ ጊዜ ታስቦ የሚጻፈው ለዴንቨር ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከባሕር ዳር እንኳ ዝቅ ትላለች።

እህትህ የጻፈችልህ መጠን 2 ካፕ ዱቄት፣ 1 ካፕ ስኳር፣ 115 ግራም ቅቤ፣ 2 እንቁላል፣ 1 ካፕ ሳወር ክሬም፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነው። ለሜሪላንድ ምንም አይወጣለትም። ካፕ የሚለውን ግን አንተ በምን ለካኸው? የአሜሪካው ካፕ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። አንዳንዱ ስኒ ብሎ ይተረጉመዋል፣ አንዳንዱ ኩባያ፤ እኛ ቤት ደግሞ ስኒ ሲባል የቡናዋ ትንሿ ናት፣ ኩባያውም ከቤት ቤት ይለያያል። ለዚህ ስል የምሰጥህ በግራም ነው። ትንሿን የኩሽና ሚዛን ግዛ፤ በጾም ጊዜ ለሚጋግር ሰው ደግሞ ከማንኛውም ዕቃ በላይ ታስፈልገዋለች። ከኅዳር 15 ጀምሮ ቅቤም እንቁላልም አፍህ ስለማይገባ ሊጡን ቀምሰህ ማረም አትችልም፤ ያለህ ምላስ ሚዛኑ ነው።

ለ23 ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘን መጋገሪያ፣ ጎኑ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ላለ፣ እንዲህ አድርገው። የፉርኖ ዱቄት 270 ግራም፤ ከእህትህ ጥቂት ማንኪያ ጨምሬበታለሁ፣ ግድግዳው እንዲጠነክር። ስኳር ከ200 ወደ 160 ግራም ይውረድ። የገበታ ቅቤ 110 ግራም። እንቁላል ያለ ቅርፊቱ 120 ግራም። ውሃው የተንጠፈጠፈ እርጎ 240 ግራም፣ በላዩ 3 የሾርባ ማንኪያ ወተት፤ ይህ ወተት በቶሎ የሚተነውን ውሃ ይተካል። ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ቫኒላ ትንሽ። ዋናው ቁልፍ ደግሞ ይኸውልህ፤ ቤኪንግ ፓውደር ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ ቤኪንግ ሶዳ ሩብ የሻይ ማንኪያ። የእህትህ ግማሽ መሆኑ ነው። እንዳይነሳ ትፈራለህ፤ አትፍራ፣ የጎደለውን አየሩ ያነሳልሃል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኬኩ ሰመጠ ብሎ በሚቀጥለው ጊዜ ቤኪንግ ፓውደር ይጨምራል፤ ያኔ ጭራሽ ጉድጓድ ይሆናል።

ስለ ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ላውራህ፤ የእኛ ገበያ የራሱ ጠባይ አለውና።

እንቁላል። አሜሪካን ትልቅ የሚሉት እንቁላል ከቅርፊቱ ሲወጣ 50 ግራም ገደማ ነው። የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ ሁለት እንቁላልና አንድ አስኳል 120 ግራም ይጠጋልሃል። የሀበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ይፈጃል። ለዶሮ ወጡ የተቀመጠውን የሀበሻ እንቁላል ነክተህ ከእናትህ ጋር እንዳትጣላ ግን ለብቻው ግዛ።

ቅቤ። ንጥሩን አትንካ። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ቅቤ ለክትፎ ነው የተፈጠረው። የገበያ ለጋ ቅቤም ቢሆን ሽታው ቀረፋውን ይውጠዋል። ጨው የሌለውን የገበታ ቅቤ ተጠቀም፤ ጨው ያለው ብቻ ካገኘህ የጨውን መጠን በግማሽ ቀንስ። በታኅሣሥ ብርድ ቅቤ ጠረጴዛ ላይ አይለሰልስም፤ ቆራርጠህ ምድጃው አጠገብ አስቀምጠው። እንዳይቀልጥ ብቻ ጠብቀው።

እርጎ። ሳወር ክሬም እዚህ ብርቅና ውድ ነው፤ አያስፈልግህም። ግማሽ ሊትር ያህል እርጎ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥረህ ጥቂት ሰዓት ብታንጠለጥለው ወፍሮ ይወጣል፤ የሚያስፈልገውም እሱ ነው። አሬራስ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣልኛል። አሬራ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር በደንብ ይሠራል፤ ከፈረንጆቹ ኬክ ስንቱ የሚሠራው በእሱ መሰል ነገር ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በል፤ ከእርጎ ቀጭን ስለሆነ ወተቱን መተው አለብህ፣ የታጠነ ዕቃ ውስጥ የተናጠ ከሆነ ደግሞ ጢሱ ኬኩ ውስጥ ይገባል። እኔ በግሌ ጢሱን ኬክ ላይ አልወደውም፤ የሚወዱ አይቻለሁ።

ስኳር። የእኛ ስኳር ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፤ ኬኩ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። መፍጫ ውስጥ አሥር ሰከንድ ያህል አዙረው። ዱቄት እንዳይሆን። ለፍርፋሪው ቡናማ ስኳር ካላገኘህ ያው የቤቱ ስኳር ይበቃል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ጠብ ብታደርግበት መዓዛውን ያመጣዋል።

ቅመም። ቀረፋው በቂ ነው። ኮረሪማ መጨመር ካማረህ አንድ ፍልቃቂ ፍሬውን አውጥተህ ወቅጠህ ከቀረፋው ጋር ቀላቅል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ስካንዲኔቪያኖች የቡና ዳቦአቸው ላይ የሚያደርጉት ሄል ነው፤ ኮረሪማና ሄል ዘመዳሞች እንጂ አንድ አይደሉም፤ የሄሉን ልክ ለኮረሪማ አታውለው።

ፍርፋሪው 100 ግራም ዱቄት፣ 80 ግራም ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ የጨው ቁንጥጫና 65 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤ ነው። ቅቤውን በጣትህ ጫፍ ከዱቄቱ ጋር እያሸህ ሽምብራ የሚያህሉ ጓሎች ሲሆኑ ተው። አንዳንዱ እስኪላቁጥ ያሸዋል፤ ያኔ ፍርፋሪ ሳይሆን ክዳን ይሆንና ሊጡን ይጫነዋል። ሠርተህ ስትጨርስ ፍሪጅ አስገባው። ሁለት ቀን አስቀድመህ ብታዘጋጀው ምንም አይሆንም።

አሠራሩ ረጅም አይደለም። ቅቤውንና ስኳሩን ሁለት ደቂቃ ምታ፤ እስኪነጣ አትምታው፣ እዚህ ከፍታ ላይ አየር ማስገባት አያስፈልገንም፣ ያለው ይበቃናል። እንቁላሉን በየተራ ጨምር። ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ሶዳውንና ጨውን በወንፊት አንድ ላይ ንፋ። ከዚያ ዱቄት፣ እርጎ፣ ዱቄት እያፈራረቅህ በማንኪያ አዋህድ፤ ነጭ ዱቄት መታየቱን ሲያቆም እጅህን ሰብስብ። ሊጡ እንደ አጥሚት የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል፤ እንደ ቡላ ገንፎ ከማንኪያው ላይ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ፍርፋሪውን የሚሸከመው ይህ ውፍረት ነው። ግማሹን ሊጥ ቅቤና ዱቄት በነካው መጋገሪያ አንጥፍ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ከ1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ ጋር ቀላቅለህ በሣሣው ነስንስበት፣ የቀረውን ሊጥ ድፋበት፣ ፍርፋሪውን በትንበት። ወደ ታች አትጫነው። ሊጡ ከመጋገሪያው ግማሽ በላይ ከሞላ የተረፈውን በትንሽ ሳህን ጋግረው፤ በደጋ ሞልቶ መገንፈል የተለመደ ነው።

እህትህ 350 ብላ የጻፈችው ፋራናይት ነው፣ 175 ማለት ነው። አንተ 185 ላይ አድርገው፤ ቶሎ እንዲረጋ እንጂ ቶሎ እንዲበስል ብለህ አይደለም። ኦቨኑ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይሙቅ። መሐለኛው መደብ ላይ አስቀምጠውና እስከ 30 ደቂቃ አትክፈት። ከ35 ደቂቃ ጀምሮ በስቴኪኒ ውጋው፤ ሊጥ ካልያዘ ደርሷል። አብዛኛውን ጊዜ በ40 ደቂቃ ዙሪያ ያልቃል። ፍርፋሪው ቀድሞ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርግበት። የምግብ ቴርሞ ሜትር ካለህ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ፤ የፈረንጅ መጻሕፍት የኬኩ መሐል 96 ወይም 98 ዲግሪ ሲደርስ አውጣ ይላሉ። ውሃ በ92 በሚፈላበት ከተማ ይህን ቁጥር ስትጠብቅ ኬኩ ይደርቅብሃል። 90 አካባቢ ሲሆን አውጣው።

አሁን ሰዓቱ። ሊጡን ማታ አቡክቼ ጠዋት ልጋግረው ብለህ እንዳታስብ። ቤኪንግ ሶዳው እርጎውን እንደነካ ሥራውን ይጀምራል፤ ጠዋት የምታገኘው የሞተ ሊጥ ነው። ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው ደረቁን ሁሉ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ ፍርፋሪውን በፍሪጅ አዘጋጅተህ አድረህ፣ ጠዋት በሩብ ሰዓት ማዋሐድ ነው። ትኩስ ኬክ ይወጣልሃል፤ የቀረፋው ሽታ ብቻውን ቤተሰቡን ይቀሰቅሳል። ነገር ግን የገና ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ መብራቱ ቢሄድ ግማሽ የተጋገረ ኬክ ይዘህ ትቆማለህ። በግማሽ የቆመ ኬክ ደግሞ ተመልሶ አይነሳም።

እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። የዋዜማ ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጋግረው። እናትህ ያኔ ሽንኩርት ላይ ናት፣ ኦቨኑን የሚሻማህ የለም፤ የድፎ ዳቦው ቀን ከሆነ ብቻ ተራ ያዝ። መጋገሪያው ውስጥ 20 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከዚያ አውጥተህ ሙሉ ለሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። ሞቅ እያለ ከሸፈንከው ላቡ ፍርፋሪውን ያረጥበዋል። ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ፣ ከዚያ በፎይል ጠቅልለው። የእርጎ ኬክ በማግሥቱ ይሻላል እንጂ አይከፋም፤ እርጥበቱ ይመጣጠናል፣ ቀረፋው ይሰርጻል። ጠዋት በ150 ዲግሪ 10 ደቂቃ ብታሞቀው ፍርፋሪው እንደገና ይንቆሻቆሻል። መብራት ባይኖርም ኬኩ አለ።

እናትህን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርህ። ይህ ኬክ ድፎውን አይተካም፤ ልተካ ብለህም አታቅርበው። ሌሊቱን ቅዳሴ ቆማ መጥታ፣ ጾሙ በወጡ ከተፈታ በኋላ፣ አረፍ ብላ ቡናው ሲፈላ ነው ቦታው። ድፎው ይቆረስ፣ ፈንዲሻው ይቅረብ፣ ከዚያ አቦሉ ሲቀዳ ኬኩን አምጣ። ስኳሩን የቀነስንበት ነገር እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም አለው፤ ያለ ስኳር የሚጠጣ አቦል ከዚህ ኬክ ጋር ይሄዳል። በእህትህ ልክ ቢሠራ ኖሮ ቡናውን ይገድለው ነበር። ትንንሽ አድርገህ ቁረጠው፣ የክብሪት ሳጥን የሚያህል። ቢላዋውን በየቁራጩ ጥረገው፤ ፍርፋሪው እንዳይበተን በመጋዝ ዓይነቱ የዳቦ ቢላዋ ቁረጥ።

ከገና በፊት አንድ ቀን ለሙከራ ጋግረው፤ ለጎረቤት የሙስሊም ወይም የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ካለህ አስቀምሳቸው፣ እነሱ ምላስ ይሆኑልሃል። መሐሉ አሁንም ትንሽ ከጎደጎደ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አውርደው፤ ሌላ ነገር አትንካ። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ከለወጥክ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም። ላዩ ከተሰነጠቀና ከደረቀ ደግሞ አንድ ማንኪያ ወተት ጨምር።

እህትህ ፎቶውን አይታ ያስተካከልከውን መጠን ላክልኝ ማለቷ አይቀርም። አትላክላት፤ ሜሪላንድ ላይ እንደኔ የድሬዳዋ ሳሙና ይሆንባታል።